የደመኛዬ ጤና

ባዘዘው ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» ይል ነበር። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎት፣ በሚስቱ ትከሻ ተደግፎ፣ ጥቂት በተራመደ ቁጥር ቆሞ እያለከለከ ይገባና «እንዴት ሰነበቱ?» ስለው «ተመስገን፣ ሸጋ ነኝ» ይለኝ ነበር። ይህን ሰው ስረግመው ዓመታት አልፈዋል። ወንድሜን ከመግደሉ ቀጥሎ ግን እንደዚህች «ሸጋ ነኝ» ያንገበገበኝ ነገር አላደረገብኝም።

ሰርካለም እባላለሁ፤ ነርስ ነኝ። የምሠራው ገንዳ ውሃ ከተማ፣ የኩላሊት እጥበት በሚሰጥባት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው በሳምንት ሁለቴ ወደ እኛ ይመጣል፤ ደሙ በቱቦ ወጥቶ ማሽኑ ውስጥ ይታጠብና ተመልሶ ይገባለታል። ከቀረ ይሞታል። ከመጣ ይኖራል፣ እሱን መኖር ካላችሁት።

ይህችኑ «መኖር ካላችሁት» የምትለዋን ለመለካት ነው ሔለን ከጎንደር የመጣችው። መጋቢት ላይ ነበር፤ ሙቀቱ በርትቶ ዶሮዎች አፋቸውን ከፍተው ከጥላ ጥላ በሚዞሩበት ሰሞን። ሔለን ተመራማሪ ናት፤ የኩላሊት ሕመምተኞችን የሕይወት ጥራት ታጠናለች። «ሞተ፣ አልሞተም ብሎ መቁጠር አይበቃም፤ ያልሞተው እንዴት እየኖረ እንደሆነ መለካት አለበት» ስትል ወደድኳት። ጥያቄዎቹን እኛ ነርሶቹ እንድንጠይቅላት አሠለጠነችን። ሰውነትዎን ምን ያህል ያሳክክዎታል? ምን ያህል ይጠማዎታል? ለቤተሰቤ ሸክም ሆንኩ ብለው ያዝናሉ? ደረጃ ሲወጡ ይደክምዎታል? እዚህ ላይ ባልደረባዬ መስከረም ሳቀች።

«እንዴ፣ እዚህ አገር ደረጃ ያለው ባንኩ ብቻ ነው። በሽተኛውን ይዘን ባንክ ልንሄድ ነው?»

ሔለንም ስቃ «ኮረብታ» ብላ አስተካከለችው።

የመጀመሪያዋ ተጠያቂ እማማ ታንጉት ነበሩ። የዚያን ዕለት ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ነጠላቸው ላይ አስመልሰው፣ ሰው ተሸክሞ ነው ያስገባቸው። ጤናቸው ሲጠየቅ «ተመስገን! ምን ጎድሎብኝ!» አሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ የመጡትም እንዲሁ። የእኛ ሰው ጤናው ሲጠየቅ የሚመልሰው ስለ ፈጣሪው ነው። ሔለን ውጤቱን አይታ «በዚህ ዓይነትማ ከእኔ እነሱ ይሻላሉ» አለችና ዘዴ አሳየችን። ምስጋናውን አሜን ብላችሁ ተቀበሉ፤ ከዚያ ዛሬ ስለሆነው ነገር ጠይቁ። ጠዋት ከአልጋ ማን አነሳዎት? ልብስዎን ማን አለበሰዎት? እማማ ታንጉት ያኔ አለቀሱ። ሌሎቹም ቀስ በቀስ እውነቱን አወጡ፣ ከባዘዘው በቀር።

ባዘዘው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ኮኪት አጠገብ አባታችን የተወልን የሰሊጥ መሬት ከባዘዘው መሬት ጋር ይዋሰናል። አንድ ዓመት በአጨዳ ሰሞን አጫጆቹን ከድንበሩ አሳልፎ የእኛን ሰሊጥ ማሳጨድ ጀመረ። ታላቅ ወንድሜ ደረበ ሄዶ «ተው፣ ይኸ የእኛ ነው» አለው። ባዘዘው በክላሽ ሆዱን መታው። ደረበ ወዲያው አልሞተም። ሳሉጎቹ፣ ከደጋ ለአጨዳ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ ጀሪካን ይዘው ሊጠጉት ሲሉ ባዘዘው ጠመንጃውን አዞረባቸው። «ማንም እንዳይጠጋ!» አላቸው። ደረበ በታጨደው ነዶ መካከል፣ ፀሐይ ላይ፣ «ውሃ፣ ውሃ» እያለ ሞተ። ይህን የነገረኝ ከሳሉጎቹ አንዱ ነው፤ ሲነግረኝ ዓይኔን ማየት አቅቶት አቀርቅሮ ነበር። ነርስ ነኝ፤ ሆዱን የተመታ ሰው ውሃ እንደማይሰጠው አውቃለሁ። ባዘዘው ግን ነርስ አልነበረም። የከለከለው ለክፋቱ ነው።

ፍርድ ቤቱ ረጅም እስር ፈረደበት። እናቴ የሻረግ ግን ከችሎት ስትወጣ ደረቷን እየመታች «ሞት ሲያንሰው! ሞት ሲያንሰው!» አለች። ሰው ሲናደድ የሚለው ነገር ነው፤ እኔ ግን በልቤ ይዤው ቀረሁ።

እስር ቤት እያለ ያልታከመ የደም ግፊት ኩላሊቱን ጨረሰው። «የማይድን ሕመም ነው» ተባለና በይቅርታ ተፈታ። ያን ቀን እናቴ እህል አልቀመሰችም።

ሕግ ቢተወው ደም አይተወውም። ታናሽ ወንድሜ ትዕዛዙ የደረበን ደም ሳልመልስ ፀጉሬን አልላጭም ብሎ ምሏል፤ ጎፈሬው አድጎ ትከሻው ላይ ወርዷል። ያጫትንም ልጅ «የእስረኛ ሚስት አላደርግሽም» ብሎ እንዳቆያት ነው። ሽማግሌ ቢላክ እናቴ በር አልከፈተችም። ይሁንና ወግ አለ። በእኛ ዘንድ የታመመ ደመኛ አይነካም። አልጋ የያዘን ሰው የገደለ፣ ሬሳ ገደለ ተብሎ ይሳቅበታል እንጂ ደም መለሰ አይባልም። ደመኛህ ከታመመ እስኪድን ትጠብቀዋለህ። ትዕዛዙም መጠበቅ ጀመረ። እንግዲህ የባዘዘው ኩላሊት ሁለት ጊዜ አዳነው፤ አንዴ ከእስር፣ አንዴ ከወንድሜ ጥይት። ቆሽቴ እንዴት እንዳረረ አትጠይቁኝ።

ወደ እኛ ክፍል ሲላክ መስከረም «አንቺ አትንኪው፣ እኔ እይዘዋለሁ» ብላኝ ነበር። የፈራችው ገብቶኛል። «አይሆንም፣ የእኔ ነው» አልኳት። ሥራዬ ላይ ነቀፋ የሚያገኝ ካለ ይምጣ! መድኃኒቱን በሰዓቱ እሰጠዋለሁ። አንገቱ ላይ የገባውን ቱቦ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ፤ እንዳያመረቅዝ እጄን ደጋግሜ እታጠባለሁ። ሕመምተኛ ስለሆነም «አንቱ» እለው ነበር። ለሌሎቹ በርኅራኄ የማደርገውን ለእሱ በጥላቻ አደርገዋለሁ፤ ሥራው ግን አንድ ነው። በእኔ ስህተት፣ ተኝቶ ሳይሰማው እንዲሞት አልፈልግም ነበር። 

ደግሞም ውሃው አለ። ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው ሽንት የለውም። የጠጣው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል፤ ሲበዛ ሳንባው ድረስ ሞልቶ ያፍነዋል። ስለዚህ ውሃ ተለክቶ ነው የሚሰጠው፤ የቀን ድርሻው ሕፃን ልጅ አንዴ ተጎንጭቶ የሚጨርሳት ናት። ያውም በመጋቢት፣ ያውም በመተማ ቆላ! ባዘዘው ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ሲገባ ሳየው ደረበ ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ደስ ይለኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ታዲያ የጥያቄው ተራ ሲደርሰው፣ ማሽኑ ላይ እንደተጋደመ፣ ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሚስቱ ፍቅርአዲስ ራስጌው ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ታራግብለታለች። ወንድሜን የገደለው ሰው ሥቃዩን በገዛ አፉ አንድ በአንድ ሊነግረኝ ነው፤ እኔም ልጠይቀው ታዝዣለሁ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

«ከአምናው ጋር ሲያስተያዩት ጤናዎ እንዴት ነው?»

«በጣም ተሽሎኛል።»

አምና ያለ ደጋፊ ነበር የሚመጣው።

«ከባድ ነገር ሲሸከሙ ሕመሙ ያግድዎታል?»

«ኩንታል እሸከማለሁ። ከትናንት ወዲያ እንኳ የሰሊጥ መኪና ጫንኩ።»

ፍቅርአዲስ ከኋላው ሆና ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«ኮረብታ ሲወጡስ?»

«እሮጣለሁ እንጂ ምን መውጣት አለ! ከዚህ እስከ ዮሐንስ ልሩጥልሽ?»

መተማ ዮሐንስ በመኪና እንኳ ላብ ያስጨርሳል። የሔለን ዘዴ ትዝ አለኝ።

«ዛሬ ጠዋት ጫማዎን ማን አደረገልዎት?»

«ራሴ።»

እግሩ ባዶ ነበር። ሸራ ጫማውን በፌስታል የያዘችው ፍቅርአዲስ ናት። እኔም ፌስታሉን አየሁ፤ እሱም ማየቴን አየ፤ ከመልሱ ግን ፍንክች አላለም።

በሆዴ «ቆይ» አልኩና የቆጠብኳትን ጥያቄ አወጣሁ። እያንዳንዷን ቃል አጥርቼ ነው የጠየቅሁት።

«ውሃ እንዳይጠጡ መከልከልዎ ምን ያህል ያሠቃይዎታል? ምንም? ጥቂት? በጣም?»

ዓይኑ መስኮቱ ላይ ወዳለው ጀሪካን ሄዶ ተመለሰ።

«ምንም» አለኝ። አፉን ሲከፍት ከንፈሩ ደማ። «ውሃ ደግሞ ለእኔ ምኔ ነው?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ የቁጥር ናት። «ጤናዎን ከዜሮ እስከ አስር ቢመዝኑት ስንት ይሰጡታል? አስር ማለት እንከን የሌለበት ጤና ነው። ዜሮ ማለት ከሞት የማይሻል፣ ምናልባትም ከሞት የባሰ ማለት ነው።»

«አስር!» አለ ጥያቄው ሳያልቅ። «አስር ብለሽ ጻፊ። ጽፈሽም ለጠየቀሽ ሁሉ ንገሪ፣ ሲስተር። ባዘዘው ድኗል በይ።»

ወጥቼ የኮሪደሩን ግድግዳ በጥፊ መታሁት። የፈለግሁት አንዲት ነገር ነበረች፤ አንዴ፣ አንዴ ብቻ «ተቃጠልኩ» ሲል መስማት። እሷንም ነፈገኝ። ለደረበ ውሃ ነፈገው፣ ለእኔ ደግሞ እውነቱን ነፈገኝ። ከዚያ በፊት ይህን ያህል ስስታም ሰው አይቼ አላውቅም።

እሑድ ትዕዛዙ ከኮኪት በጭነት መኪና መጥቶ ቤቴ ገባ። ጠመንጃውን በሩ ጥግ አስደግፎ ሳይቀመጥ ተናገረ።

«እታለም፣ ድኗል።»

«ማን አለህ?»

«ማን ይበለኝ፣ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን! ትናንት ገበያ መጥቶ ነበር። ነጭ ጀላቢያ ለብሶ፣ ሻሽ በአንገቱ ጠምጥሞ፣ ደረቱን ነፍቶ የበሬ ዋጋ ሲያስማማ ዋለ። ሰው ሁሉ አየው፣ እኔንም አየው። ‹ባዘዘው ድኖ ገበያ ሲወጣ ትዕዛዙ ቆሞ ያየዋል› እያሉ ነው። ፋሲካ ይለፍና እጨርሰዋለሁ።»

«ገበያ መውጣት መዳን ነው እንዴ?»

«እሱንማ አንቺ ነሽ የምታውቂው። የምታጥቢው አንቺ፣ የምትመዝኚው አንቺ። ድኗል ካልሽኝ ድኗል። አልዳነም ካልሽኝ እጠብቃለሁ። ተናገሪ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ «ድኗል» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ራሱ ባዘዘው አስር ብሏል፤ እኔ የጠያቂዋን ሥራ ሠርቼ የነገረኝን ብናገር ውሸታም የሚለኝ የለም። አንድ ቃል ብቻ ነበረች የቀረችው። ከዚያ በኋላ ግን ትዕዛዙ ወይ እስር ቤት ይገባል፣ ወይ የባዘዘው ወንድሞች ይጥሉታል። እናቴ ሁለተኛ ወንድ ልጇን ታጣለች። ይህ ሁሉ ታይቶኛል፤ ቢሆንም ቃሏ አልተመለሰችም፣ ምላሴ ላይ ቆማ ነበር። ቂም እንዲህ ነው፤ የራስህን ቤት አቃጥለህ ጠላትህን ታሞቃለህ።

«ማክሰኞ ጠዋት ይመጣል» አልኩት በመጨረሻ። «አንተም ና። በዓይንህ እያየህ እነግርሃለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት ባዘዘው ተራውን እየጠበቀ አግዳሚ ወንበር ላይ ሳለ ፍቅርአዲስ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ተከትላኝ ገባችና በሩን ዘጋች። መርፌ እያዘጋጀሁ ነበር። እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል በክንዷ ያዝኳት።

«ሲስተር፣ ደማችሁ እንዳለብን አውቃለሁ። አንቺን የምለምንበት አፍ የለኝም። ግን የሚልሽን እንዳታምኚው። አልዳነም።»

«አልዳነምማ አውቃለሁ። ለምን ይዋሻል?»

«ወንድምሽ እንዲሰማ ነዋ! እንዲገለው!» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባዘዘው ደመኛ እያለው አልጋ ላይ ተልኮስኩሶ ሞተ አልባልም ይላል። ሕክምናውን ልተው ቢል ነፍሱን አጠፋ ተብሎ ፍትሐት ይከለከላል። ‹ትዕዛዙ በጥይት ይምታኝና እንደ ወንድ ልሙት፤ ይኸስ ኑሮ አይደለም› ይላል ሌት ተቀን። ቅዳሜ ገበያ የወጣው እኮ እግሩን በጨርቅ ጠፍሬ አስሬለት ነው። ሲመለስ ደጃፉ ላይ ወደቀ፤ ጎትቼ ነው ያስገባሁት። በእግዜር ይዤሻለሁ፣ ለወንድምሽ ታሟል በይው። በሕይወት ይኑርልኝ።»

ሳቅ አመለጠኝ። ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ያበድኩ መስሏታል። አላበድኩም። ለካ ስስቱ ከኩራት አልነበረም። ለካ ያን ሁሉ «ሸጋ ነኝ» ሲለኝ በእኔ አፍ ወደ ወንድሜ ልመና እየላከ ነበር! እኔ ደግሞ እሑድ ዕለት ልመናውን ላደርስለት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። የትዕዛዙ ጥይት ለእኔ በቀል፣ ለእሱ ስጦታ ይሆን ነበር፤ ያውም ከእናቴ ልጅ እጅ።

«አይዞሽ» አልኳት ፍቅርአዲስን። «ባልሽን ማንም አይገድለውም።»

እጄን ሳመችኝ። አልከለከልኳትም።

ትዕዛዙ ሲመጣ ጠመንጃውን በሩ ላይ ለጥበቃው አስረክቦ በባዶ እጁ ገባ። የክፍሉ በር ላይ ቆመ። ባዘዘው ልክ ሲያየው ፊቱ በራ፤ ሙሽራ የሚጠብቅ ሰው እንኳ እንዲያ አይበራም። ጀላቢያውን አስተካክሎ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ትዕዛዙ! ግባ እንጂ። እንዴት ሰነበትህ? እኔ ይኸውልህ፣ ደህና ነኝ። ሸጋ ነኝ። እህትህ ትንገርህ።»

ትዕዛዙ አላየውም፤ እኔን ነበር የሚያየው። «እታለም?»

ከእጥበት በፊት ሕመምተኛው ሁሉ ይመዘናል፤ በሰውነቱ የያዘው ውሃ የሚታወቀው በክብደቱ ነው። ሚዛናችን መሬት ላይ የተቀመጠ ሰፊ ብረት ነው፤ ከፍታው ከአንድ ጡብ አይበልጥም። ሌላ ጊዜ ፍቅርአዲስና እኔ ደግፈን ነበር የምናወጣው።

«ፍቅርአዲስ፣ አንቺ ተቀመጪ» አልኳት። «አቶ ባዘዘው ድነዋል፤ ዛሬ ብቻቸውን ይወጣሉ። ይውጡ እስቲ።»

ገባው። ዓይኑ ውስጥ ሲገባው አየሁት። ቢሆንም ተነሳ። ግድግዳውን ይዞ ሚዛኑ ዘንድ ደረሰና ቀኝ እግሩን አነሳ፤ ጠርዙን ነክቶ ወደቀ። እንደገና አነሳው። ላቡ በአገጩ ተንጠባጠበ። የግራውን ሞከረ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ጉልበቱ ከዳውና በአራት እግሩ ሲሚንቶው ላይ ተደፋ። ሻሹ ተፈቶ አንገቱ ላይ የተሰፋው ቱቦ ታየ። ሔለን የጠየቀችው ደረጃ ይኸው ተገኘ፤ ባንክ መሄድም አላስፈለገን።

«አዳለጠኝ እንጂ ደህና ነኝ!» ጮኸ ከመሬት። «ደህና ነኝ እኮ! ምን ታየኛለህ? ወንድ ከሆንክ ና! ወንድምህ እንደሆን እንደ ሴት ውሃ ውሃ እያለ ነው የሞተ! ትሰማለህ? ውሃ ውሃ እያለ!»

የትዕዛዙ እጅ የጠመንጃው ማንገቻ ወደሚውልበት ትከሻው ሄደ፤ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ጡጫውን ጨብጦ ወደ ፊት ተንደረደረ። እኔም የፋሻ መቀስ በእጄ ነበረ። አንድ ጊዜ ብቻ ጨበጥ አደረግሁት፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በሁለቱ መካከል ቆምኩ።

«ማንም እንዳይጠጋ!» አልኩ።

ቃሉ የማን እንደነበረ ሦስታችንም እናውቃለን። ትዕዛዙ ቆመ።

«ያለውን ሰማሽው?»

«ሰማሁት። አንተ ደግሞ ተመልከተው።»

ተመለከተው። ባዘዘው አልተነሳም፤ ሊነሳም አይችልም። እግሩ ላይ ሚዛኑ የነካው ቦታ እንደ ጭቃ ጎድጉዶ ቀርቷል። ፍቅርአዲስ ብብቱ ስር ገብታ ልታነሳው ትታገላለች።

«ይኸን ገድለህ ምን ገደልኩ ልትል ነው?» አልኩት።

«ይድናል?»

«አይድንም።»

«መቼ ነው የሚሞት?»

«እኔ እያለሁ? ቶሎ አይሞትም።»

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። በዓይኑ ውስጥ ያየሁትን ነገር አልረሳውም፤ የፈራው እኔን ነው። ከዚያ ጎፈሬውን በእጁ ደባብሶ «እንግዲያው ይኸስ?» አለኝ።

«ሂድ ተላጭ። ልጅቱንም አታስጠብቃት።»

ዞሮ ሄደ። ባዘዘው ከኋላው «ትዕዛዙ! ትዕዛዙ!» እያለ ስሙን ጠራ፤ በሩ ከተዘጋ በኋላም ጠራው።

አንስተን፣ መዝነን፣ አልጋው ላይ አውጥተን ከማሽኑ ጋር አገናኘነው። ሥራዬን በወጉ ሠራሁ። ፍቅርአዲስ ውጭ ወጥታ ስታለቅስ ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አንዲት ቃል ነበር የምትነግሪው» አለኝ ጣራውን እያየ። «ምን ነበረበት? አንቺም ደምሽን ታወጪ ነበር፣ እኔም አርፍ ነበር።»

«አውቄማ ነው ያልነገርኩት» አልኩት። አንቱታውን የዚያን ዕለት ጣልኩት። «አንተ ነህ ለደረበ ማንም እንዳይጠጋ ያልክ። አሁን ደግሞ እኔ ነኝ በራስጌህ የቆምኩት። ጥይትም አይጠጋህም፣ ቢላዋም አይጠጋህም፣ የሞት መልአክም ቢሆን እኔን ሳያልፍ አይነካህም። መድኃኒትህ አይጓደልም። ደምህ ይታጠባል። ትኖራለህ፣ ባዘዘው።»

ማሽኑ ይዞራል። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ጣራ ቁልቁል ይወርዳል። ቆይቶ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ለመስማት ጎንበስ አልኩ።

«ጠማኝ» አለ።

ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። በረሃ ላይ፣ በነዶ መካከል የተነገረው ቃል፣ በዚያው በገዳዩ አፍ። ያለቀስኩ መስሎኝ ጉንጬን ነካሁት፤ ደረቅ ነው። ድርሻውን በምንለካባት ኩባያ ውሃ ቀዳሁ፤ ከልኩ አላሳለፍኩም፣ ከልኩም አላጎደልኩም። ራሱን ደግፌ አጠጣሁት። ኩባያዋ ባዶ ከሆነች በኋላም ከከንፈሩ አላላቀቃትም። ቀስ ብዬ ወሰድኩበት።

«አንዷን ጥያቄ ልድገምልህ» አልኩት። «ጤናህ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው? ዜሮ ምን ማለት እንደሆነ ነግሬሃለሁ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጠበቅሁት። እኔ እንደሆን ጊዜ አለኝ።

«ዜሮ» አለ።

እናቴ በሰማችው ብዬ ተመኘሁ። ሞት ሲያንሰው ያለችው ሰው፣ ሞት እንዳነሰው ራሱ መሰከረ። አስሩን ሰርዤ ዜሮ ጻፍኩ። ሔለንም በኋላ አይታ «ጎበዝ፣ ይህኛው እውነት ነው» አለችኝ።

ትዕዛዙ ከፋሲካ በኋላ ተላጭቶ አገባ፤ ሰርጉ ላይ እስኪደክመኝ ጨፈርኩ። ሰው ሁሉ ወንድሟን ከደም አዳነች እያለ ያመሰግነኛል፤ እኔም እንደ እማማ ታንጉት «ተመስገን» ብዬ አልፋለሁ። ለወንድሜ ብዬ ያደረግሁት የሚመስለው ካለ ይምሰለው። ስጠይቀው የኖርኩት ወደ ጎንደር ዝውውርም በዚያው ሰሞን ተፈቅዶልኝ ነበር። አልሄድም ብዬ መለስኩት።

ባዘዘው ዛሬም ይመጣል። «እንዴት ሰነበትህ?» ስለው አይመልስልኝም፤ «ደህና ነኝ» ማለቱንም ትቷል። ሚዛኑ ላይ እኔው ደግፌ አወጣዋለሁ። እጥበቱን ጨርሶ በሚስቱ ትከሻ ተደግፎ ሲወጣ እስከ በሩ እሸኘዋለሁ፤ እሱም ሳይዞር ቆሞ የምለውን ይጠብቃል።

«ዓርብ እንዳትቀር» እለዋለሁ።